ያ ጥቁር ጭልፊት ማን ነው?

ዛሬ የማጫውታችሁ ባልና ሚስትን ስላከራከረ አንድ ወፍ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብለው የሚኖሩ አንዲት እህት፣ በስልካቸው ያነሷቸውን ሦስት ፎቶግራፎች አሳዩኝ። ከደጃቸው ባሕር ዛፍ ላይ የሚያርፍ ጥቁር ጭልፊት ነው። ባልየው፣ «ጫጩቶቻችንን የጨረሰው ይህ ነው፤ ሥጋ በመርዝ ለውሼ አስቀምጥለታለሁ» ብለዋል። ሚስትየዋ ግን፣ «ሲወስድ በዓይኔ አላየሁትም» ባይ ናቸው።

እስቲ ፎቶዎቹን አብረን እንያቸው። የመጀመሪያው ፀሐይ ከወፉ በስተጀርባ ሆና የተነሣ ነው። እንዲህ ባለ ፎቶ ርግብም ጥቁር ትመስላለችና እንለፈው። ሁለተኛው ሲበር ከሥር የተነሣ ነው፤ ሆዱ ጥቁር፣ የክንፉ ላባዎች ግን ነጣ ያሉና ዳራቸው በጥቁር የተቀመቀመ ነው። በሦስተኛው ዞር ሲል ጅራቱ ታየ፤ አጭር፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ እንደ ሸክላ የቀላ።

ነገሩን የፈታው ይህ ጅራት ነው። ወፉ በእንግሊዝኛ ኦገር ባዛርድ የሚባለው ሲሆን፣ ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል አገራችንን ከጎበኘ በኋላ በ1836 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው ነው። ክንፉ ሲዘረጋ ከ1 ሜትር ከ20 በላይ ይሆናል። ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ሁለት ዓይነት መልክ ስላለው ነው፤ አንዳንዱ ሆዱ ነጭ፣ አንዳንዱ ድፍን ጥቁር ነው። (ነጩና ጥቁሩ ተጋብተው አንድ ጎጆ ሲሠሩም ይታያሉ!) ጫጩቱ አድጎ ሲበር ደግሞ ቡናማ ነው፤ ጅራቱም ገና አልቀላም። ያን ጊዜ ከመስከረም ጀምሮ ከሩሲያ ምድር በእኛ በኩል ወደ ደቡብ ከሚያልፈው ዘመዱ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ኢዮብ 39፥26ን ያነበባችሁ ክንፉን ወደ ደቡብ የሚዘረጋውን ወፍ ታስታውሱ ይሆናል።

እንግዲህ ጫጩት ነጣቂው ማን ነው? ብዙዎቻችን ሁሉንም «ጭልፊት» እያልን በአንድ ስም እንጠራለን። ከልኳንዳ ደጅ ሥጋ የሚሞጨልፈው ግን ሌላ ነው። እርሱ ቡናማ ነው፤ ጅራቱ ረዘም ያለና እንደ መንሽ የተሰነጠቀ ሲሆን፣ ሲበር እንደ መሪ ወዲያና ወዲህ ያዞረዋል። ምንቃሩ ሲያድግ ቢጫ ይሆናል። ጅራቱን ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋው ስንጥቁ ስለሚጠፋ አንድ ፎቶ ብቻ አይበቃም።

ኦገር ባዛርድም ጫጩት ከቶ አይነካም አልልም፤ ዋና ምግቡ ግን አይጥ፣ ፍልፈል፣ እንሽላሊትና እባብ ነው። ገብስና ጤፍ ለሚዘራ ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ባልየው ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። መርዙ ደግሞ ወፍ አይመርጥም፤ ውሻና ድመት ይበሉታል፣ ልጅም ያነሣዋል። ለአይጥ የተቀመጠ መርዝ እንኳ፣ አይጧን የበላውን ወፍ ይዞት ይሄዳል።

ለጫጩቶቹ የሚሻለው፣ ላባቸው እስኪጠነክር ድረስ ቀን ቀን ከእናታቸው ጋር በሰፊ ቅርጫት ሥር ማዋል ነው፤ ቅርጫቱ ላይ ድንጋይ ይጫንበት።