ፈረንጁስ አለፈ፤ ድንጋዩስ?

አፍሪካን በብስክሌት ያቋረጡ ፈረንጆች የሚጽፉትን የጉዞ ማስታወሻ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ጋዜጠኝነት ተማሪ ሳለሁ የጀመረኝ ሱስ ነው፤ እስካሁን አልለቀቀኝም። ጸሐፊው ይለያይ እንጂ የኢትዮጵያው ምዕራፍ እምብዛም አይለያይም። ተራራው ያስደምማል፣ ቡናው ልዩ ነው፣ ወጡ ያቃጥላል። ከዚያ ልጆች ከየሜዳው ብቅ ይላሉ። «ዩ! ዩ! ዩ!» «ሃይላንድ!» «መኒ!» ትንሽ ቆይቶ ድንጋይ ይመጣል። እዚህ ቦታ ላይ ሰውየው ወይ ይናደዳል፣ ወይ ያለቅሳል፣ ወይ ደግሞ ብስክሌቱን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭኖ ይሄዳል።

ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚገባው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በእነዚህ ማስታወሻዎች ውስጥ ስሙ ይነሳል። ከአክሱም በኩል ለሚመጣው ደግሞ ከደባርቅ በፊት ሊማሊሞ አለ፤ ጣልያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ የሠራው፣ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ ዳገት። ደባርቅ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ዳገት ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ከእግረኛ ብዙም አይፈጥንም። ትንፋሹ አልቋል፣ ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው፣ መስኮት የለው፣ በር የለው። የስምንት ዓመት ልጅ ሮጦ ይደርስበታል። ድንጋይ ያላገኘው ልጅ ዱላውን ከጎማው ሽቦዎች መሃል ይሰካል። ይሄኛው ከድንጋዩም ይብሳል፤ ጎማው ድንገት ቀጥ ሲል ሰውየው በመሪው ላይ ተሽቀንጥሮ በጭንቅላቱ ይተከላል።

በነገራችን ላይ አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአየርላንድ ሕንድ ድረስ በብስክሌት የሄደች ሴት ናት። ከሦስት ዓመት በኋላ የሰሜን ተራሮችን ልታቋርጥ ስትመጣ ግን ብስክሌቱን ትታ በቅሎ ነው የመረጠችው። ብልህ ሴት!

ይህን ጉዳይ ለሰው ስታነሱ ሁለት መልስ ታገኛላችሁ። አንዱ «ሕጻናት ናቸው፣ ጨዋታ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው ኮስተር ብሎ የሚመጣው ነው፤ «የአገር ገጽታ ያበላሻል፣ ቱሪስት ያባርራል።» እኔ ሁለቱም አይዋጡልኝም።

ከሁለተኛው ልጀምር። ይሄ መልስ ድንጋዩን የሚመዝነው በዶላር ነው። ፈረንጅ ተመታ፣ ፈረንጅ ጻፈ፣ አፈርን። ጥሩ፤ ፈረንጁ ከሌለስ? እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር የጎንደር አክሱም መንገድ ለተጓዥ ተዘጋ። በ2021 ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ድረስ መጥቶ ሕዝቡን ጨረሰው። እፎይ ተባለ ሲባል በ2023 የአማራ ክልል ግጭት ተከተለ፤ በዚያው ዓመት ሱዳንም ተቃጠለች። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከካይሮ ኬፕታውን የሚጓዘው «ቱር ዳፍሪክ» በደህናው ጊዜ በመተማ ገብቶ ወደ ጎንደር ነበር የሚወጣው። ገጽታችን የሚያሳስበው ሰው እንግዲህ ሊያርፍ ይችላል ማለት ነው፤ የሚመታ ፈረንጅ ቀንሷል።

መንገዱ ላይ የቀረው ግን የአገሩ ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የኖረች ጓደኛዬ በዳባትና በደባርቅ መካከል ካለች መንደር የመጣች ናት። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ትምህርት ቤቷ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ጎንደር የቀን ሥራ ሠርቶ አሮጌ ሳይክል ገዛላት። በሳይክል ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ሁለት ሳምንት ነዳች። መጀመሪያ ስድብ ነበር፤ «ሴት ልጅ ሳይክል ላይ!» ቀጥሎ ሳቅ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ ድንጋይ። አንድ ቀን ከብት የሚጠብቁ ልጆች ዱላ ሰኩባትና ወደቀች፤ ክንዷ ተሰበረ። አባቷ ሳይክሉን ሸጡት። እሷ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ፣ እሁድ እሁድ ስንቋን ተሸክማ እየወጣች ጨረሰች። እሷ ጨረሰች። የቤት ኪራይ መክፈል ያቃታቸው እነማን እንደቀሩ ስትቆጥርልኝ ግን ጣቷ አልበቃትም። ስለዚህኛው ድንጋይ ማን ማስታወሻ ጻፈ?

አሁን ወደ «ሕጻናት ናቸው»። እውነት ነው ሕጻናት ናቸው። ሕጉም ያውቃቸዋል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለን ልጅ አይጠይቅም፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ላለው ደግሞ ከቅጣት ይልቅ እርምት ነው የሚለው። ልጆቹ ይታሰሩ የሚል ሰው የለም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን ልጁ ድንጋይ መወርወርን ከየት ተማረው? ከሥራው። የተራሮቹ ግርጌ ላይ የሚኖር ልጅ በስድስት በሰባት ዓመቱ እረኛ ነው። የሸሸች ፍየል የምትመለሰው በድንጋይ ነው። ገብስ ማሳ የገባ ጭላዳ የሚባረረው በድንጋይና በወንጭፍ ነው። ማነጣጠር የሚችል ልጅ ጎበዝ ይባላል፤ አባቱ ይኮራበታል። ታዲያ አንድ ቀን ከኩርባው ጀርባ ድምፅ የሌለው፣ የሚያብለጨልጭ፣ ቀስ ብሎ የሚንፏቀቅ ነገር ብቅ ሲል እጁ የለመደውን ይሠራል። አይሱዙ ላይ ቢወረውር ሹፌሩ ወርዶ እንደሚገርፈው ያውቃል። ብስክሌት ነጂው ግን ወርዶ አይዝም፤ ቢይዝም አይመታም።

ይህን የምለው ልጆቹን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ማን አጠገባቸው እንደቆመ ለማየት ነው። ብዙዎቹ ማስታወሻዎች ላይ የሚደጋገም ነገር አለ፤ ድንጋይ የሚወረወረው ትልልቅ ሰዎች እያዩ ነው። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ አይቶ እንዳላየ ይሆናል። ቅን የሆነው ደግሞ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሳና ልጆቹ ላይ ይወረውራል! ሳነበው ስቄያለሁ፤ ደግሜ ሳነበው ግን አላሳቀኝም። ልጁ ከዚያ የሚማረው ድንጋይ እንደማይወረወር አይደለም፤ ትልቅ ሲሆን እሱም የመወርወር መብት እንደሚኖረው ነው።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም። ካራሜላና ብዕር ከብስክሌት ላይ እየበተኑ ያለፉት እነሱ ናቸው፤ ባዶ እጁን ለመጣው ተከታይ ያወረሱት ቁጣ ነው። መሪያቸው ላይ ጠጠር አስቀምጠው መልሰው የወረወሩም እንዳሉ በኩራት ይጽፋሉ። በእኔ እምነት ግን ይሄ ከሰበቦቹ ትንሹ ነው። ለጓደኛዬ ካራሜላ የከለከለው ማን ነው?

ብስክሌት ነጂን ሆን ብሎ መጣል የእኛ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1904 በሁለተኛው ቱር ደ ፍራንስ መንገዱ ላይ ሚስማር ተበትኗል፤ ሴንት ኤቲየን አጠገብ ደግሞ የአንድ ተወዳዳሪ ደጋፊዎች በሌሊት ዱላ ይዘው ወጥተው ሌሎቹን ደብድበዋል። የዚያን ዓመት ውድድር ቀድመው የጨረሱት አራቱም በኋላ በማጭበርበር ተሰርዘዋል። «ያ የጥንት ነው» ካላችሁ በ2012ቱ ቱር ደ ፍራንስም ፒሬኔ ተራሮች ላይ ትንንሽ ሚስማሮች ተበትነው የብዙ ሰው ጎማ ተበሳ። የቀደመው ዓመት አሸናፊ ካዴል ኢቫንስ ደጋግሞ ቆመ። ቢጫ ማሊያ የለበሰው ብራድሊ ዊጊንስ ግን ዕድሉን ተጠቅሞ አላመለጠም፤ ተወዳዳሪው ሁሉ ፍጥነት ቀንሶ የወደቁትን እንዲጠብቅ አደረገ። እኛም ከዚህ ውድድር ሩቅ አይደለንም፤ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እዚያ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። አገራችን በ1956 ሜልቦርን ላይ የመጀመሪያዋን ኦሊምፒክ ስትሳተፍም ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞች ነበሩ።

መንገድ ላይ ድንጋይ የሚያኖረው ደግሞ ልጅ ብቻ አይደለም። ከጎንደር ደባርቅ የተጓዛችሁ ታውቁታላችሁ። መኪና ሲበላሽ ሹፌርና ረዳት ከኋላ ከፊት ድንጋይ ይደረድራሉ፤ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ደግ ነው። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ግን ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ሲመሽ፣ ያውም የሰሜን ጉም ሲወርድ፣ መብራት ለሌለው ሳይክል ወጥመድ ነው። ማንንም ለመጉዳት አስቦ አይደለም ትሉኛላችሁ። ድንጋዩን አይቶ፣ ሌላ ሰው እንደሚመጣ አውቆ ትቶ የሄደ ሰው ምን አስቦ ነው ታዲያ?

አዲስ አበቤዎች ደግሞ «ገጠር ነው እኮ» ብላችሁ እንዳትገላገሉ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ብዙ ቦታ የብስክሌት መስመር ተሠርቶላችኋል። እስቲ መኪና ሳይቆምበት፣ ሞተር ሳይገባበት አንድ ኪሎ ሜትር ንዱበት። መስመሩ ላይ አቁሞ ማኪያቶ የሚጠጣው ሰው ዲግሪ አለው። እረኛም አልነበረም።

ዳባትና ደባርቅ ላይ ግን ነገሩ ሩቅ አይመስለኝም። እነዚያ ልጆች የሚፈሩት ሰው አላቸው፤ መምህሩን ይፈራሉ። አባቶቻቸው ደግሞ የንስሐ አባታቸውን ይሰማሉ። «አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?» የሚል ጥያቄ አሁንም በዚያ አገር ልጅን ያስደነግጣል፤ አዲስ አበባ ላይ ከሞተ ቆይቷል። መምህሩ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ቄሱ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንዴ ሳይሆን ክረምት ከበጋ፣ ድንጋዩ ያረፈበትን ሰው በስሙ ጠርተው ቢያወሩስ? «ቱሪስት» እያሉ ሳይሆን «የእገሌ ልጅ፣ ዘጠነኛ ክፍል የነበረችው» እያሉ። የመናኸሪያ ተራ አስከባሪውም ለአይሱዙው ሹፌር የሚለው አንድ ነገር አያጣም፤ የደረደርከውን አንሳ።

ጓደኛዬ አሁን መምህርት ናት፤ እዚያው አካባቢ ታስተምራለች። ባለፈው ስንደዋወል ከክፍሏ ሴት ልጆች በሳይክል የሚመጣ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «አንዲት አለች» አለችኝ። «ወንድሟ ከኋላዋ እየሮጠ ያደርሳታል።»