ከኡሚ በኋላ ማን ይይዘዋል?

ሠላሳ ዓመት የሞላውን ልጇን ዛሬም አጥባ፣ አጉርሳ፣ አልብሳ የምታሳድር እናት በየሰፈራችን አለች። አንዳንዴ ቡና ላይ «ከእኔ በኋላ ማን ይይዘዋል?» ትላለች። እኛም ፈጠን ብለን «ኧረ ኡሚ፣ አላህ እድሜሽን ያርዝመው» እንልና ወሬ እንቀይራለን። ዱዓው መልካም ነው። ጥያቄዋ ግን ሳይመለስ ያድራል።

እውነቱን እንነጋገር። ወላጆች ሲያልፉ ይህ አማና የሚመጣው ወደ እኛ፣ ወደ ወንድምና እህቶቹ ነው። ሳንመካከር ከቆየን በተዕዚያው ሰሞን «አንተ ውሰደው፣ አንቺ ውሰጂው» ይጀመራል። ብዙ ጊዜም ማንም ሳይጠይቃት አንዲት እህት ትሸከመዋለች። ይህ በደል ነው።

ስለዚህ ኡሚ በሕይወት እያለች ሦስት ነገር እንጨርስ።

አንደኛ፣ እሷ የምታውቀውን ደብተር ላይ እንጻፍ። የትኛው ድምፁ ረሃብ፣ የትኛው ሕመም ነው? መድኃኒቱ በስንት ሰዓት ይሰጣል? ምን ያስፈራዋል? ይህን ዛሬ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ሁለተኛ፣ ሰው እንሰይም። ማን ጋር ይኖራል? ያ ሰው ቢታመም ወይም ውጭ አገር ቢሄድ ማን ይተካዋል? ሌሎቻችንስ በየወሩ ስንት እናዋጣለን? ለአካለ መጠን የደረሰን ሰው ንብረት ወንድሙ ስለሆንን ብቻ በሕግ ልናስተዳድር አንችልም፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ። እሱም እንደ እኛው ወራሽ ነው፤ «ምን ያደርግለታል» ተብሎ ሐቁ አይበላም። ሱረቱ አን-ኒሳእ፣ አንቀጽ 5 ገንዘቡን መምራት ለማይችል ሰው ከገንዘቡ እንድናበላው፣ እንድናለብሰው፣ በመልካም ቃልም እንድናናግረው ያዘናል። ወላጆች ከድርሻው በላይ በወሲያ ሊተዉለት ቢፈልጉስ? ወሲያ ለወራሽ የሚጸናው ሌሎቹ ወራሾች ሲፈቅዱ ነው። ፈቃዱ ያለው እኛ እጅ ነው ማለት ነው። በሕይወት እያሉ ስለሚሰጡት ሒባም ዓሊሞችን እንጠይቅ።

በሚቀጥለው ቡና ላይ ወሬ አንቀይር። «ኡሚ፣ ተነጋግረን ጨርሰናል፣ አታስቢ» የሚለውን ቃል በጆሮዋ ሰምታ ትረፍ።

አላህ አማናውን ያግራልን።