ውጤቱን ለመደቡ ባለቤትም ንገሩት

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን



በትንሹና በትልቁ አቃቂ ወንዞች ዳር የሚለማው አትክልት ሲመረመር ዓመታት አልፈዋል። ተመራማሪው ፍሥሐ ኢታና በአዲስ አበባ በሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ያለውን የብረታ ብረት መጠን ለክተው ጥናታቸውን ያሳተሙት በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህም ሌሎች ክሮሚየሙን፣ ካድሚየሙን፣ እርሳሱን ለክተዋል። ጽሑፎቹ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ናሙናው የተቆረጠበት መደብ ባለቤት ምን እንደተገኘ ቢሰማ እንኳ በወሬ ነው።

ወሬ ደግሞ የሚያውቀው ጥቁር ውኃንና ሽታን ነው። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላና ሽታው ሲቀንስ አደጋውም አብሮ የሄደ ይመስላል። ወንዝ ዳሩ በሣርና በመብራት ባማረ ቁጥርማ ይህ ስሜት ይብሳል። ገዢውም ሰላጣውን በኮምጣጤ ዘፍዝፎ ልቡ ያርፋል። ኮምጣጤ ጀርምን ይቀንሳል፤ ሥሩ ከአፈር መጥጦ ወደ ቅጠሉ ያስገባውን ካድሚየም ግን ማጠብ አያወጣውም። ይህችን እውነት በሬዲዮና በዕድር ስብሰባ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መናገር ስንት ያስወጣል?

«ሕዝብ ይደናገጣል» የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም። በአንድ ቀን ዜና የአልሚው ምርት ጉልት ላይ ጠውልጎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አደጋውን በልኩ መናገር ያስፈልጋል። አንድ ሳህን ሰላጣ ማንንም በካድሚየም አይጥልም። ካድሚየም የሚጎዳው ለዓመታት ኩላሊት ውስጥ እየተጠራቀመ ነው፤ ጉዳዩ ይበልጥ የሚመለከተውም ዕለት ዕለት የሚበላውን፣ በተለይም የአልሚውን የራሱን ቤተሰብ ነው። ቆስጣና ሰላጣ ከጥቅል ጎመን ይበልጥ እንዲህ ያለ ብረታ ብረት ይሰበስባሉ፤ የቱን መደብ በምን መተካት እንደሚሻል ከዚሁ ተነስቶ መነጋገር ይቻላል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ለመስኖ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 0.1 ሚሊግራም ክሮሚየም፣ 0.01 ሚሊግራም ካድሚየም ነው። ቁጥሩ ብቻውን ለአልሚው ምን ይፈይድለታል? የእሱ ውኃ ከጣሪያው በላይ ነው ወይስ በታች? በላይ ከሆነስ ምን ያድርግ? አትክልቱን ትቶ ችግኝና አበባ ላልማ ቢል ማን ያግዘዋል? ይህን ሳይመልሱ «አትሽጥ» ማለት ቅጣት ነው።

ወንዙን የሚበክለው ፍሳሽ ከየት እንደመጣም ይነገር። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ተጠያቂ የሚያደርገው በካዩን ነው፤ ሰው ግን እስካሁን ጣቱን የሚቀስረው ከታች ባለው አትክልተኛ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ጉዳይ ሐሳቡን እንዲሰጥ ይደነግጋል። ያልተነገረውን ነገር በተመለከተ ምን ሐሳብ ይስጥ?

እናም ተመራማሪ ናሙና ሊወስድ ሲመጣ የትብብር ደብዳቤው ላይ አንድ ግዴታ ጨምሩበት። ውጤቱን ለመጽሔት ሲልክ ተመልሶ ለመደቡ ባለቤት በሚገባው ቋንቋ፣ በቃል ያስረዳ። ቤቱን የምታውቀው የወረዳዋ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም አብራ ትገኝ፤ ጥያቄው የሚመጣው ተመራማሪው ከሄደ በኋላ ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣
ከጉልት ሸምቶ የሚበላ የከተማው ነዋሪ