የተቀበልኸው ልጅ ይጠብቅሃል



የወር ደመወዝህን ተቀብለህ የቤት ኪራይና የቀለብ ከከፈልህ፣ የተበደርኸውንም ከመለስህ በኋላ በኪስህ የምትቀረው ጥቂት ገንዘብ ናት። ተማሪ ከሆንህ ደግሞ እርሷም የለችህም። ታዲያ በክርስቲያን ማሳደጊያ ቤት እጓለ ማውታ ሕፃናትን የሚያሳድጉ ሰዎች «አንድ ልጅ ተቀብለህ በየወሩ እርዳ» ቢሉህ፣ «ይህስ የባለጸጋ ሥራ ነው» ብለህ ታልፍ ይሆናል። ዛሬ የማጫውትህ ግን የባለጸጎችን ሳይሆን የወታደሮችን ታሪክ ነው።

የቃኘው ሻለቃ ጦር በ1951 ወደ ኮሪያ መዝመቱን ታውቃለህ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፍልሃለሁ)። ወታደሮቻችን በዚያ ያገኙት ጠላት ብቻ አልነበረም፤ ጦርነቱ ያለ እናትና ያለ አባት ያስቀራቸው ሕፃናትም በየመንገዱ ነበሩ። ስለዚህ በ1953 ከሴኡል በስተ ሰሜን በምትገኘው በዶንግዱቾን ከተማ «ቦህዋ» የተባለ የሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው ከደመወዛቸው እያዋጡ ረዱት። የወታደር ደመወዝ ምን ያህል እንደ ሆነ ልነግርህ አያስፈልግም። አንዱ ብቻውን ቤቱን ባላቆመ ነበር፤ ነገር ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

በዚያው ዘመን ሌሎችም በዚሁ ጉዳይ ይደክሙ ነበር። ቦብ ፒርስ የተባለው አሜሪካዊ ሰባኪ በ1947 ቻይና ሳለ አንዲት የሚስዮን መምህርት፣ አባቷ ደብድቦ ያባረራትን ልጅ አስታቅፋ ምን እንደሚያደርግላት ጠየቀችው። በእጁ የቀረው አምስት ዶላር ነበረ። እርሷን ሰጠ፤ በየወሩም ያንኑ ያህል ሊልክ ቃል ገባ። በ1950 ወርልድ ቪዥን የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ በ1953ም ለኮሪያ እጓለ ማውታ ሕፃናት አንድ ረጂ ለአንድ ልጅ የሚቆምበት አሠራር ተጀመረ። ረጂው የልጁን ስምና ፎቶግራፍ ይቀበላል፤ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ይልካል፤ ልጁም ይጽፍለታል፣ እርሱም ይመልስለታል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ «በየወሩ» የምትለዋን ቃል ልብ በልልኝ። አምስት ዶላር አንድ ጊዜ መስጠት ምጽዋት ነው፤ በየወሩ መስጠት ግን ዝምድና ነው። ይህንንም ዝምድና እኛ ከፈረንጅ የምንማረው አይደለም። ክርስትና አባት የሚሆን ሰው ያልወለደውን ሕፃን አቅፎ በቤተ ክርስቲያን ይቆማል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁ ልጁ ነው። «በዚህ ዓመት አልተመቸኝም» ብሎ ክርስትና ልጁን የሚክድ ሰው እንዴት እንደሚታማ ታውቃለህ።

አሁን የማሳደጊያውን ቤት አስብ። ደብዳቤ የመጣ ቀን ሞግዚቷ ስም ትጠራለች። አንዱ ሮጦ ይቀበላል። ካቻምና ይጻፍለት የነበረው፣ ዘንድሮ ግን የተረሳው ልጅ ደግሞ ስሙ እስኪጠራ ቆሞ ይጠብቃል። ቀለቡን ከሌላ ሰው ገንዘብ ይሸፍኑለት ይሆናል፤ ደብዳቤውን ግን ማን ይተካለታል? ይህ ልጅ አስቀድሞ አንድ ጊዜ ሰው ሄዶበታል። አንተ ሁለተኛው እንዳትሆን ተጠንቀቅ!

እንግዲህ ምን ላድርግ ትለኝ እንደ ሆነ፣ የሚታየኝን ልንገርህ።

ከሁሉ በፊት ቤቱን መርምር። ሂሳቡን ለረጂዎቹ የሚያሳይ እንደ ሆነ፣ ሞግዚቶቹም ሳይለዋወጡ የሚቆዩ እንደ ሆነ ጠይቅ። ልጁ አያት ወይም አክስት እንዳለውም ጠይቅ፤ በማሳደጊያ ቤት ከሚኖሩት ልጆች ብዙዎቹ ዘመድ አላቸውና። በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት በ2000 የተጀመረ ጥናት፣ ከማሳደጊያ ወጥተው ለአሳዳጊ ቤተሰብ የተሰጡ ሕፃናት በዚያው ከቀሩት ይልቅ በአእምሮም በጠባይም ተሽለው ማደጋቸውን አሳይቷል። ስለዚህ አያቲቱ ያጣችው ቀለብና የትምህርት ቤት ወጪ ብቻ ከሆነ፣ ልጁን በቤቷ ሳለ መርዳት ይበልጣል። ዘመድ ለሌለው ግን ደኅና ማሳደጊያ ቤት ቤቱ ነው፤ ረጂውም ዘመዱ ነው።

ሁለተኛ፣ ከአቅምህ በታች ቃል ግባ። ዛሬ ብዙ ሰጥቶ በስድስት ወር ከሚጠፋ ይልቅ ጥቂት እየሰጠ ልጁ ትምህርቱን እስኪጨርስ የሚቆይ ይሻላል። «መጥቼ እወስድሃለሁ» የሚለውን ቃል በደብዳቤህ አትጻፍ፤ አንተ ስትረሳው እርሱ ትራሱ ሥር ያኖረዋል።

ሦስተኛ፣ ብቻህን ካልቻልህ ከቢሮ ጓደኞችህ ጋር አምስትም ስድስትም ሆናችሁ ተቀበሉ። እቁብ መጣል የሚችል ሰው ይህን አይሳነውም። ነገር ግን ደብዳቤውን የሚጽፍ አንድ የታወቀ ሰው ይኑራችሁ፤ የሁሉ የሆነ ልጅ የማንም እንዳይሆን።

በመጨረሻ ይህን ልጨምርልህ። በ1950ዎቹ ሕፃናቷ በሌላ አገር ሰው ገንዘብ ያደጉባት ኮሪያ፣ ከ1991 ጀምሮ የወርልድ ቪዥን ቅርንጫፏ ተረጂነቱን ትቶ ረጂ ሆኗል። ወታደሮቻችን ከደመወዛቸው ሲያዋጡ ይህን ቀን አላዩትም። ያዩት በፊታቸው የቆመውን የራበው ልጅ ነው። አንተም ከዚህ በላይ ማየት አይጠበቅብህም፤ ቃልህን ግን በየወሩ ጠብቅ።