ስለ መኪና ዋጋና ስለ ሞተሯ ዘይት

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ መንገደኛ የሊማሊሞን ቍልቍለት ሳያውቅ አይቀርም። የመኪናው መንገድ በጣልያን ወረራ ዘመን ከገደሉ ላይ ተፈልፍሎ የተሠራ ሲሆን፥ ከደጋው አፋፍ እስከ ዛሪማ ቆላ ድረስ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከዚያም በፊት ቢሆን ይህ ተራራ የነጋዴና የመንገደኛ ሁሉ ፈተና ነበረ፤ የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ጎንደር ሲመጣ የወጣው ይህንኑ አቀበት ነው። የጭነት ከብት የሚነዳ ሰው ከአቀበቱ ራስ ሲደርስ ጭነቱን አራግፎ፥ የበቅሎዎቹን ጀርባ ዳስሶ፥ ውሃ አጠጥቶ ማሳረፍ ልማዱ ነው። በመኪና የሚወጣው ሰው ግን ከአፋፉ ሲደርስ ወርዶ የሰሜንን ተራሮች ያደንቃል እንጂ የሞተሩን ዘይት ለመመልከት የሚያስብ ጥቂት ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን ስለ መኪና ዋጋና ስለ ሞተር ዘይት በአንድነት ለመናገር ወደድን። ሁለቱ ነገሮች የማይገናኙ መስለው ይታዩ ይሆናል። ነገር ግን በየቤቱ የገባ አንድ የተሳሳተ አሳብ አለ፤ ይኸውም መኪና እንደ ርስት በቆየች ቍጥር ዋጋዋ የሚጨምር ሀብት ናት የሚለው ነው። ብዙ ባለቤቶች ከዐሥርና ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት የገዟትን መኪና ከገዙበት በብዙ እጅ በሚበልጥ ብር ለመሸጥ ስለ ቻሉ፥ እያረጀች ሳለች የከበረች ይመስላቸዋል። ይህም እምነት ቸልተኝነትን ያስከትላል። ዋጋዋ እንደ ሆነ አይወርድም ብሎ የሚያስብ ሰው ለዘይት የሚያወጣው ገንዘብ በከንቱ የሚፈስ መስሎ ስለሚታየው፥ ዛሬ ነገ እያለ የመለወጫውን ጊዜ ያሳልፋል።

የዋጋውን ነገር ከመሠረቱ እንመልከት። ቤዴ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ አውቶሞቢል በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ የባለጠጎች ዕቃ ነበረች። በተከተለው ዓመት በመስከረም ወር ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪና አወጣና በ850 ዶላር ለሽያጭ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1913 ደግሞ ሠራተኛው በቦታው ቆሞ ሥራው በፊቱ እየተንቀሳቀሰ የሚያልፍበትን የአገጣጠም ሥርዐት ስላቆመ፥ አንዲቱን መኪና ለመገጣጠም ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ሥራ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቅ ጀመር። ዋጋውም አብሮ ወረደ፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ከሞዴል ቲ ዐይነቶች ርካሹ በ260 ዶላር ይሸጥ ነበር። የመኪና ዋጋ በእውነት ረከሰ የሚባልበት ዘመን ቢኖር ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቍጥሩ ወደ ላይ ሄደ። ወጣቶች ልጆቻችን በሥዕል እያዩ የሚመኟት ፎርድ ሙስታንግ የተባለችው የስፖርት መኪና እ.ኤ.አ. በ1964 ስትወጣ ዋጋዋ 2,368 ዶላር ነበረ፤ ዛሬ አዲሲቱ ከ30,000 ዶላር በላይ ትጠይቃለች። ይህን የሰማ ሰው ቢደነቅ አይፈረድበትም። ዳሩ ግን የዚያ ዘመን አንድ ዶላር የዛሬውን ዐሥር ዶላር ያህል ይገዛ ስለ ነበረ፥ የጭማሪው አብዛኛው ክፍል የመጣው ከመኪናዋ ሳይሆን ከገንዘቡ ነው። ለቀረው ጭማሪም የጥንቷ ያልነበሯት መሣሪያዎች ተጨምረውላታል፤ በአደጋ ጊዜ የሚነፋ የአየር ከረጢትና ጎማው ተይዞ እንዳይንሸራተት ፍሬኑን የሚቈጣጠር መሣሪያ ከእነዚህ መካከል ናቸው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሒሳቡ ይልቁን ግልጥ ይሆናል። በውጭ አገር 10,000 ዶላር የምታወጣ አንዲት መኪና እናስብ። እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ስለ ነበረ፥ የዚህች መኪና ዋጋ በእኛ ገንዘብ 20,700 ብር ነበረ። በዚያው ዓመት ምንዛሪው 5 ብር ሲሆን 50,000 ብር ሆነ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፥ በ57 ብር ሒሳብ፥ 570,000 ብር ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር ስላለፈ ዋጋዋ ሚሊዮን ብርን ተሻገረ። መኪናዋ ያችው ናት፤ አምስተኛ ጎማ አላበቀለችም። በዚህም ላይ የማጓጓዣው፥ የቀረጡና የነጋዴው ትርፍ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ብዙ ዘመን ባገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 ከመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከለከለ።

እንግዲህ አባወራው ከባለቤቱ ጋራ ተቀምጦ ሊመክርበት የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፤ መኪናዋን ሸጦ በሚቀበለው ብር እርሷን የምትመስል ሌላ መኪና ሊገዛ ይችላል ወይ? ከኪሱ ሳይጨምር አይሆንለትም። ሞተሩ ተበላሽቶ ሌላ ሞተር ሊገዛ ቢፈልግም ዋጋው በዚያው በውጭ ምንዛሪ ይቈጠርበታል። ዘይትም ከውጭ የሚመጣ ስለ ሆነ ዋጋው አብሮ መውጣቱን አንክድም፤ ነገር ግን የአራት ሊትር ዘይት ዋጋ በአንድ ወገን፥ የአንድ ሞተር ዋጋ በሌላው ወገን ሆኖ ቢመዘን፥ ልዩነቱ ከቀድሞው ዘመን ይልቅ ዛሬ በብር ሲቈጠር የሚያስደነግጥ ነው።

ዘይት በሞተር ውስጥ ያለው ሥራ ብረትን ከብረት ጋራ እንዳይፋጭ ማለስለስ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይህ ዋናው ሥራው መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ውሃ ሊደርስባቸው ከማይችሉ ስፍራዎች ሙቀትን ተሸክሞ ያወጣል፥ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ቀጭን ክፍተት ይዘጋል፥ ጥቀርሻውንና የብረት ብናኙን አጥቦ ወደ ፊልትሮው ያደርሳል፥ ብረቱንም ከዝገት ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ሲሠራ ራሱ ይደክማል። ከሙቀቱ ብዛት የተነሣ ይበላሻል፤ ያልተቃጠለ ቤንዚንና የውሃ ጤዛ ይቀላቀልበታል።

የሊማሊሞ መንገድ ዘይትን የሚፈትነው በብዙ ወገን ነው። ከዛሪማ ወደ ደባርቅ ሲወጡ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ በፍጥነት ይዞራል፤ መኪናዋ ግን በዝግታ ስለምትጓዝ ራዲያተሩን የሚያበርደው ነፋስ ያንሳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው ጕልበት ሩብ ያህሉን በዚያ ያጣል፥ ስለዚህ ነጂው ነዳጁን አብዝቶ ይረግጣል። ሲወርዱም ሞተሩ ያርፋል ማለት አይደለም። አስተዋይ ነጂ ፍሬኑ እንዳይግል በዝቅተኛ ማርሽ ይይዛታልና ሞተሩ እየጮኸ ይወርዳል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የኵርባው ነገር ነው። ዘይቱ ከልኩ ከጐደለ፥ መኪናዋ በምትጠመዘዝበት ጊዜ የቀረው ዘይት በኮፓው ውስጥ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፤ ያን ጊዜ ፓምፑ በዘይት ፈንታ አየር ይስባል። ብረት ያለ ዘይት ሲፋጭ ጥቂት ሰከንድ እንኳ ረጅም ጊዜ ነው።

ስለ ስፖርት መኪና መናገራችንም በዚህ ምክንያት ነው። የእነዚህ መኪናዎች ሞተር ከመጠኑ ይልቅ ብዙ ጕልበት እንዲሰጥ ሆኖ የተሠራ ስለ ሆነ በብዙ ፍጥነት ይዞራል፥ ዘይቱም እጅግ ይሞቃል። በተርቦው ውስጥ ያለው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል፤ እርሱንም የሚያለሰልሰው ይኸው የሞተሩ ዘይት ነው። ስለዚህ ከብርቱ ጕዞ በኋላ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት መልካም አይደለም፤ በተርቦው ውስጥ የቆመው ዘይት በሙቀቱ ተቃጥሎ ከሰል ይሆናልና አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ በዝግታ እንዲሠራ ይተዉት። ለውድድር በሚሠሩት በብዙዎቹ ዘይቱ ከሞተሩ ሥር በመተኛት ፈንታ በተለየ ታንክ እንዲቀመጥ የተደረገው በኵርባ ላይ እንዳይሸሽ ነው።

የስፖርት መኪና የለኝምና ይህ አይመለከተኝም የሚል ቢኖር፥ ፖርሼ በራሱ ስም የመጀመሪያዋን የስፖርት መኪና እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሠራ የሞተሯ መሠረት የቮልስዋገን ሞተር እንደ ነበረ እናስታውሰዋለን። ያች በአገራችን እጅግ የተወደደችው ክብ ቮልስዋገን ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያበርዱት ነፋስና ዘይት ብቻ ናቸው። የምትይዘውም ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ነውና ግማሽ ሊትር ቢጐድልባት አምስተኛው እጅ ጐደለ ማለት ነው። በጥንቃቄ የተያዙት ግን ባለቤቶቻቸውን አስረጅተው ለልጆች ተላልፈዋል።

የዘይቱ ቍጥር ምን ማለት እንደ ሆነ ማወቅም ይጠቅማል። በቆርቆሮው ላይ 20ደብልዩ50 የሚል ጽሕፈት ቢገኝ፥ ደብልዩ በእንግሊዝኛ ቀዝቃዛውን ወራት የሚያመለክተው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነው። ከፊቱ ያለው ቍጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ጊዜ ፈጥኖ ይፈሳል፤ ከኋላው ያለው በበዛ መጠን በሞቀ ሞተር ውስጥ ውፍረቱን ይጠብቃል። በደባርቅ ማለዳ ሞተር አስነሥቶ በቀትር ዛሪማ የሚወርድ ሰው ሁለቱንም ይፈልጋል። ይሁን እንጂ የትኛው ዘይት እንደሚስማማ የሚወስነው የመኪናዋ ሠሪ በመጽሐፉ የጻፈው ነው፤ ወፍራም ሁሉ ብርቱ ነው የሚለው የመንደር ወሬ ጠባብ መተላለፊያ ያላቸውን አዳዲስ ሞተሮች ይጐዳል።

ተራው የማዕድን ዘይት በ5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፥ ሲንቴቲክ የተባለው ደግሞ ከዚያ ራቅ ባለ ጊዜ ይለወጣል። ዳሩ ግን ሠሪዎቹ ራሳቸው አቧራ፥ ዳገትና ከባድ ጭነት ባለበት አገር ጊዜው እንዲያጥር፥ ብዙ ጊዜም በግማሽ እንዲቀነስ ይመክራሉ። ብዙ የማትሄድ መኪናም ብትሆን ዘይቷ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሊለወጥ ይገባል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ በከተማ ውስጥ አጭር አጭር መንገድ መሄድ ውሃና ቤንዚን በዘይቱ ውስጥ እንዲከማች ያደርጋልና።

ሥራው በሚሠራበት ጊዜ ባለቤቱ ወይም የታመነ የቤት ሰው ቢቆም መልካም ነው። መኪናዋ በሜዳ ላይ ትቁም፤ ሞተሩ ለብ ብሎ ሳለ ታፖው ይፈታ፥ አሮጌው ዘይት ጠብታው እስኪቀር ይንጠፍጠፍ። ፊልትሮው ሳይለወጥ ዘይት ብቻ መለወጥ ንጹሕ ውሃ ባልታጠበ እንስራ እንደ መቅዳት ነው። አዲሱ ዘይት ከታሸገ ቆርቆሮ በዐይን ፊት ተከፍቶ ይጨመር፤ ባዶውን ቆርቆሮ ሌላ ሰው የማይረባ ዘይት ሞልቶ እንዳይሸጥበት ቀድዶ መጣል ይገባል። ከልክ በላይ መሙላትም ጕዳት አለው። ዘይቱ መጥቈሩን አይቶ የሚደነግጥ አለ፤ መጥቈሩ ጥቀርሻውን ማጠቡን የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። ይልቁን የሚያስፈራው እንደ ወተት መንጣቱ ነው፤ ውሃ ገብቶበታልና ሳይውል ሳያድር ወደ መካኒክ ይወሰድ።

ዘይቱ የተለወጠበት ቀንና በዚያን ጊዜ የነበረው ኪሎ ሜትር በትንሽ ደብተር ይጻፍ። ይህን ደብተር እመቤቲቱ ከቤቱ የወጪ መዝገብ ጋራ ብትይዘው ነጂው በመርሳት የሚያመካኝበት ነገር አይኖርም፤ መኪናዋ በምትሸጥበትም ቀን ብልህ ገዢ ከቀለሟ ይልቅ ይህን ደብተር ይጠይቃል።

በኤሌክትሪክ የምትሄደው አዲሲቱ መኪና የሞተር ዘይት አትፈልግም፤ የጥርሶቿ ዘይት፥ የማብረጃዋ ፈሳሽና የፍሬኗ ዘይት ብቻ ይጠበቁላት። በሊማሊሞ ቍልቍለት ስትወርድም ፍጥነቷን ስትገታ ኀይሉን ወደ ባትሪዋ ትመልሳለች፤ ስትወጣ ግን ያን መልሳ ታወጣዋለች፥ ባለቤቷም ከመነሣቱ በፊት የባትሪዋን መጠን ይመልከት። የቤንዚን መኪና ያላችሁ ግን የተለወጠውን አሮጌ ዘይት ከወንዝና ከጕድጓድ አጠገብ አታፍስሱ፤ ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋችሁ ለሚቀበል ጋራዥ ስጡ፤ እጁን በዘይት ያቈሸሸ ልጅም እንጀራ ከመቍረሱ በፊት በሳሙና ይታጠብ።