ጌታ ባይቆጣ ዳኛ ይቆጣ

በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚለው የአባቶች ብሂል፣ በልደተ ክርስቶስ ዕለት መኰንኑና ገባሩ፣ ጌታውና ሎሌው በአንድ ሜዳ ተሰልፈው ሩር የምትባለውን አንዲት የገና ኳስ ሲያሳድዱ የማዕርግ ልዩነት ለጊዜው እንዲነሣ፣ ተሸናፊውም የአሸናፊውን ቀልድና ስድብ በትዕግሥት እንዲቀበል የሚያዝ መልካም ሥርዓት ነበረ፤ ዛሬ ግን ይህ ብሂል ከምሥጢሩ ተነቅሎ፣ ቅልጥም ለሰበረና ጥርስ ላወለቀ ሁሉ የምሕረት ደብዳቤ ሆኖ ሲያገለግል ማየት እጅግ ያሳዝናል።

ጫፉ በቆለመመ ዱላ፣ ቁጥራቸው ሳይወሰን ላይ ቤትና ታች ቤት ተባብለው የተከፈሉ ጎልማሶች በአንዲት ትንሽ ሩር ላይ ሲረባረቡ፣ ዱላው ከትከሻ በላይ በተነሣ ቁጥር ከኋላ የቆመው ሰው ግንባር የት እንዳለ መቺው አያይም። ክፋት በሌለበት እንኳ ጉዳት አለና፣ ሕግ የሚያስፈልገው ክፉውን ለመቅጣት ብቻ ሳይሆን ቅኑንም ሰው ከገዛ እጁ ለመጠበቅ ነው። የጌታ ቍጣ በተነሣበት ሜዳ የዳኛ ፍርድ ካልቆመ ግን ድሀው ነጻ አልወጣም፤ ጌትነቱ ክንዱ ወደ በረታው ተዛወረ እንጂ።

«ሕግ ከበዛበት ባህሉ ይጠፋል» የሚሉ ወገኖች፣ በጉግስ ጊዜ ፈረሰኛው ጋሻ ይዞ ይገባ የነበረው አባቶቻችን ፈሪዎች ስለ ነበሩ እንዳልሆነ ያስቡ። በባሕር ማዶም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1968 ቢል ማስተርተን የተባለ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች የራስ ቍር ሳያደርግ ወድቆ ራሱ ላይ በደረሰበት ጉዳት ሲሞት፣ ቍር ማድረግ እንደ ፍርሃት ይቈጠር ነበርና የሰሜን አሜሪካው ታላቅ ሊግ ለአዳዲስ ተጫዋቾች ግዴታ ያደረገው ከ11 ዓመት በኋላ በ1979 ነው፤ ዛሬ በኮሌጆቻቸው ተጫዋቹ ፊቱን በመከለያ ሸፍኖ ይገባል፣ ባላጋራውን ከኋላ የገፋም በብርቱ ይቀጣል፣ ጨዋታውም አልሞተም። በእኛም አገር የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ለገና ደንብ ጽፎ ውድድር ያካሂዳል፤ የጐደለው ደንቡ ከውድድሩ ሜዳ ወጥቶ ወደ ሕዝቡ መድረሱ ነው።

ጉዳትን በጨዋታ ስም የማለፍ ይህ ክፉ ልማድ በገና ዱላ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። ከገርጂ እስከ ሰሚት፣ ከሲኤምሲ እስከ አያትና ኮተቤ፣ ከሕንፃ በተረፉት ጥቂት ሜዳዎች በሚደረገው የሰፈር ለሰፈር የኳስ ግጥሚያ፣ የተመታው ልጅ እግሩን ይዞ ሲንከባለል «ቻለው፣ ጨዋታ ነው!» ይባላል፤ ፊሽካ የያዘውም ሰው ካርድ ቢያወጣ ከሜዳ በሰላም መውጣቱን ስለሚጠራጠር አይቶ እንዳላየ ያልፋል። በዓምላክ ተሰማን በ2010 ዓ.ም. ለሩሲያው የዓለም ዋንጫ፣ ሊድያ ታፈሰን ለሴቶች የዓለም ዋንጫ በዳኝነት ያበረከተች አገር፣ በገዛ ሰፈሯ ዳኛን እንዲህ ማዋረዷ ነውር ነው። ከ60,000 በላይ ተመልካች እንዲይዝ ታስቦ በቦሌ በሚሠራው አደይ አበባ ስታዲየም ነገ የሚሰለፉት እኮ፣ ዛሬ በእነዚህ አቧራማ ሜዳዎች ጉልበታቸው የሚሰበረው ልጆች ናቸው።

ስለዚህ የቦሌ፣ የየካና የለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች፣ የሠለጠነ ዳኛና የመጀመሪያ ርዳታ ሰጪ ለሌለው ግጥሚያ ሜዳ አይፍቀዱ፤ መምህራን የሚያሠለጥነው የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲም ዳኝነትን ለሰፈር ወጣቶች ያስተምር። በገና ሜዳ ዱላውን ከትከሻ በላይ ያነሣ ይውጣ፣ ቅልጥሙን ያልሸፈነ አይግባ። መላእክትና ኖሎት ስለ ሰላም በአንድነት ያመሰገኑበትን ልደት የወንድምን አጥንት በመስበር ማክበር በዓሉን መንቀፍ ነው፤ ይህን የሚከለክል ዳኛም የባህሉ ጠላት ሳይሆን ታማኝ ጠባቂው ነውና፣ ፊሽካውን ሲነፋ ሕዝቡ ሁሉ ከጐኑ ሊቆም ይገባል።