ተልባ በማዕዳችን ሊኖረው ስለሚገባው ስፍራ

በላስታ ደጋ ሰማያዊ አበባው ማሳውን ሲያለብሰው የምናየው ተልባ፣ በጾም ወራት የብዙ ቤተ ሰብ ሲሳይ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ የከተማ ሰው ተልባን የድኻ ምግብ አድርጎ በመቁጠር፣ ከውጭ አገር የሚመጣውን የፓልም ዘይት ያስበልጥበታል። እኛ ይህ አስተያየት መታረም አለበት እንላለን። እንዲሁም ተልባን የሚወዱት ሰዎች ከችሎታው በላይ እንዳይጠብቁበት ለማሳሰብ እንወዳለን።

የተልባ ፍሬ ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉ ቅባት፣ 20 በመቶ ያህሉ ደግሞ ፕሮቲን ነው። ከቅባቱም ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው፣ ኦሜጋ 3 ከሚባለው ወገን የሆነው አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ነው። የሰው አካል ይህን ቅባት ራሱ ሊሠራው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት ግዴታው ነው። እንዲህ ያሉ ቅባቶች መኖራቸውን በ1929 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ያስታወቁት፣ ጆርጅ ቡርና ሚልድረድ ቡር የተባሉ ባልና ሚስት ሊቃውንት ናቸው፤ ቅባት የሌለው ምግብ የተሰጣቸው አይጦች ዕድገታቸው ቆሞ ቆዳቸው ሲቀረፍ ተመለከቱ። በአንጻሩ ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ በብርድ የሚረጋ፣ በደም ውስጥም ኮሌስትሮልን የሚያበዛ የቅባት ዓይነት ነው።

ነገር ግን የተልባ ቅባት በአየር፣ በብርሃንና በሙቀት ፈጥኖ ይለወጣል። የአውሮጳ ሠዓልያን ቀለማቸውን በተልባ ዘይት የሚለውሱትም፣ አየር ሲያገኘው ደርቆ ስለሚጠነክር ነው። ስለዚህ የተጨመቀውን የተልባ ዘይት ለመጥበሻ ማዋል አይገባም። የእናቶቻችን ልማድ፣ ማለት ተልባውን በመጠኑ አምሶ፣ ወቅጦ፣ በውሃ በጥብጦ መጠጣት የተሻለ ነው። ማመሱ በጥሬው ውስጥ ያለውን ሲያናይድ የሚያመነጭ ነገር ይቀንሰዋል፤ መውቀጡም ቅርፊቱን ይሰብረዋል፤ ያልተሰበረ ፍሬ ከሆድ እንደ ገባ ይወጣልና። «ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» ይባላል፤ የተልባም ጥቅም የሚወጣው ከሙቀጫው ነው። ፍሬው ብዙ ወራት ሲቆይ ዱቄቱ ግን ቶሎ ስለሚበላሽ፣ ለጥቂት ቀን የሚበቃውን ብቻ ወቅጦ ከድኖ ማስቀመጥ፣ መበጥበጫውንም ውሃ አፍልቶ ማብረድ ያስፈልጋል።

ተልባ የሆድ ድርቀትን እንደሚያስታግሥ፣ የደም ግፊትንና ኮሌስትሮልንም በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ በምርምር ታውቋል። ሆኖም ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት የሚያስጥል አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የሕፃናት ነገር ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ በእነዚህ ቀኖች ወተትና እንቁላል ከቤት ስለሚርቅ፣ ሕፃኑም እንደ አዋቂው በተልባና በሽሮ ብቻ የሚሰነብትበት ቤት አለ። ተልባ ደግ ምግብ ቢሆንም በወተትና በእንቁላል የሚገኘው ቫይታሚን ቢ 12 የለውም። ቤተ ክርስቲያንም ከ7 ዓመት በታች ባሉት ሕፃናት ላይ ጾምን አላዘዘችም። እንግዲህ እናት ለልጇ ዕቃ ለይታ ወተት ብታፈላለት የራስዋ ጾም አይጓደልም።

መምህራን ሆይ፣ የተወቀጠ ተልባ በነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ብትጫኑት ተማሪዎቹ የቅባቱን ምልክት በዓይናቸው ያያሉ። ከዚያ በኋላ ተልባ ለሙቀጫ እንጂ ለመጥበሻ እንዳልሆነ፣ ለታናናሾቻቸውም የወተት ምትክ ሊሆን እንደማይችል ብትነግሯቸው፣ ትምህርቱን እስከ እናቶቻቸው ጓዳ ድረስ ይዘውት ይገባሉ።